ሬጉላርና ኤንፒኤች ኢንሱሊንን በአንድ ስሪንጅ መቀላቀል፦ ዝርዝር መመሪያ

ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ስታሳይ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። ቤት ገብታችሁ ሁለቱን ብልቃጥና ስሪንጁን ጠረጴዛ ላይ ስትደረድሩ ግን ጥያቄው ይጀምራል። የቱ ይቅደም? አየሩ ለምንድን ነው የሚገባው? 8 እና 16 ከተባልኩ የማቆመው 16 ላይ ነው ወይስ 24 ላይ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስለሆነ፣ ብልቃጥ ከመነካቱ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ እናነሳለን።

መመሪያው ሐኪም ሬጉላር (ፈጣኑን) እና ኤንፒኤች (ቀስ ብሎ የሚሠራውን) ኢንሱሊን በአንድ ሰዓት እንዲወስዱ ላዘዘላቸውና ኢንሱሊኑን ከብልቃጥ በስሪንጅ ለሚቀዱ ሰዎች ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዩኒቶች (የኢንሱሊን መለኪያዎች) በሙሉ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው።

እጃችሁ እስኪለምድ ድረስ አንድ መውጫ ይኑራችሁ። መቀላቀሉ ግራ ካጋባችሁ ሁለቱን በሁለት ስሪንጅ ለየብቻ ተወጉ። መድኃኒቱ አይበላሽም፣ መጠኑም አይዛባም፤ ጉዳቱ አንድ መርፌ መጨመሩ ብቻ ነው። «መቀላቀል አቃተኝ» ብሎ ኢንሱሊን መዝለል ግን አይሆንም።

የሚቀላቀለውና የማይቀላቀለው

ሬጉላር ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ብልቃጡ ላይ አክትራፒድ ወይም ሁሙሊን አር ሊል ይችላል፤ ምልክቱ ቢጫ ነው። ኤንፒኤች ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነጭ ዝቃጭ ከታች ይሠራል፣ ሲንቀሳቀስ እንደ ወተት ይነጣል። ኢንሱላታርድ ወይም ሁሙሊን ኤን የሚል ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ አረንጓዴ ነው። «ሌንቴ» በሚል የቆየ ስም የሚጠራላችሁ ሰው ቢያጋጥማችሁም ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከዚህ በኋላ ሬጉላሩን «ጥርቱ»፣ ኤንፒኤቹን «ድፍርሱ» እላቸዋለሁ።

እነዚህን አትቀላቅሉ፦

- ሚክስታርድ 30 ወይም 70/30 የሚል፣ ቡናማ ምልክት ያለው። ይህ ፋብሪካ ውስጥ የተቀላቀለ ነው፤ ምንም አይጨመርበትም።
- ላንተስ (ግላርጂን)፣ ሌቬሚር፣ ትሬሲባ። ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ ስሪንጅ አይገቡም። በተለይ ላንተስ አታላይ ነው፦ ጥርት ያለ ስለሆነ ሬጉላር ይመስላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ነው። አሲድነት ስላለው ሌላው ሲነካው ባሕርዩ ይለወጣል።
- ዩ-500 የሚል ሬጉላር። ከተለመደው 5 እጥፍ የጠነከረ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ኢንሱሊን ይዞ ሲመጣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል። ስሙ ከምታውቁት የተለየ ከሆነ፣ ጥርት ማለቱን ብቻ አይታችሁ በሬጉላር ቦታ አትጠቀሙት። መጀመሪያ ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ይየው። ዘመዳችሁንም አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ኢንሱሊኑን በእጅ ሻንጣ ይያዘው፤ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በረዶ ሊሆን ይችላል።

ሁማሎግና ኖቮራፒድን የመሳሰሉ ፈጣን ኢንሱሊኖች ሐኪም ካዘዘ ከኤንፒኤች ጋር ይቀላቀላሉ። ቅደም ተከተሉ ከዚህ በታች እንዳለው ነው፤ ልዩነቱ እንደተቀላቀሉ ወዲያው መወጋታቸውና ምግቡም ከ15 ደቂቃ በላይ አለመቆየቱ ነው።

ስሪንጁን በደንብ እዩት

በብልቃጡ ላይ 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር ወይም ዩ-100 ይላል። ስሪንጁም ዩ-100 መሆን አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ብርቱካናማ ነው። ቀይ ክዳን ያለውና ዩ-40 የሚል ስሪንጅ ካጋጠማችሁ አትንኩት። በእሱ ላይ 20 ብላችሁ ብትቀዱ ሰውነታችሁ ውስጥ የሚገባው 50 ዩኒት ነው፤ ይህ ሰው ይገድላል። ኢንሱሊን ስሪንጅ ጠፍቶ ለክትባት ወይም ለቲቢ ምርመራ የሚያገለግለውን 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ መጠቀምም ያው አደጋ አለው፤ እሱ ላይ ያለው ቁጥር ሚሊ ሊትር እንጂ ዩኒት አይደለም።

መጠኑንም ምረጡ። ጥርቱና ድፍርሱ ተደምረው ከ30 ዩኒት የማይበልጡ ከሆነ ባለ 30፣ ከ50 የማይበልጡ ከሆነ ባለ 50፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ 100 ዩኒት ስሪንጅ ይሻላል። ባለ 100ው ላይ አንዷ መስመር ብዙውን ጊዜ 2 ዩኒት ናት። 7 ወይም 13 የታዘዘለት ሰው በዚህ ስሪንጅ በግምት ነው የሚቀዳው፤ ባለ 50ውን ይጠይቅ። ከመጀመራችሁ በፊት በሁለት ቁጥሮች መካከል ስንት መስመር እንዳለ ቁጠሩ።

መርፌው ከስሪንጁ ጋር የተጣበቀ፣ የማይነቀል ይሁን። የሚነቀል ከሆነ በመርፌው ሥር ክፍት ቦታ ይቀራል፤ መጀመሪያ የሚቀዳው ጥርቱ ስለሆነ ያ ቦታ በእሱ ይሞላና ካሰባችሁት በላይ ጥርት ኢንሱሊን ትወስዳላችሁ።

ስሪንጅ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዋጋው ስለከበደ ደግመው የሚጠቀሙበት ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። ለሚቀላቅል ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው፦ ትናንት በመርፌው ውስጥ የቀረው ድፍርስ ዛሬ ጥርቱ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ስሪንጅ ካጠራችሁ አቅርቦቱን ከክሊኒካችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የሌላ ሰው ስሪንጅ ግን፣ የራሳችሁ ልጅ ቢሆንም፣ በፍጹም አይነካም።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቁጥር ጻፉ

ወረቀት ላይ በትልቁ እንዲህ ጻፉና ኢንሱሊን የምታዘጋጁበት ቦታ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፦

ጠዋት፦ ጥርት 8 ፣ ድፍርስ 16 ፣ ድምር 24
ማታ፦ ጥርት 4 ፣ ድፍርስ 8 ፣ ድምር 12

በስሪንጁ ላይ የምትቆሙባቸው መስመሮች ሁለት ብቻ ናቸው፦ መጀመሪያ የጥርቱ ቁጥር፣ ቀጥሎ ድምሩ። የድፍርሱ ቁጥር የሚያገለግላችሁ ለአየር ብቻ ነው። በምሳሌው መሠረት 16 ላይ ያቆመ ሰው የወሰደው ድፍርስ 8 ብቻ ነው፤ ስኳሩም ከሰዓት በኋላ ሲወጣ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል።

ሐኪም መጠን በቀየረ ቁጥር ወረቀቱን ቀድዳችሁ አዲስ ጻፉ። አሮጌው ላይ ሰርዞ መጻፍ ለስሕተት በር ይከፍታል።

ደረጃ 2፦ ስኳር ለኩ፣ ብልቃጦቹን ፈትሹ

1. እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አድርቁ።
2. ስኳራችሁን ለኩ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ኢንሱሊኑን ተዉትና መጀመሪያ ስኳራችሁን ከፍ አድርጉ፤ እንዴት እንደሆነ ከታች አለ።
3. ምግቡ መኖሩን አረጋግጡ። ሬጉላር ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ነው የሚወሰደው። ቁርስ ገና ከሱቅ የሚገዛ ከሆነ መጀመሪያ ይገዛ።
4. ብልቃጦቹን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጥቂት አቆዩ። ቀዝቃዛ ኢንሱሊን ሲገባ ያማል።
5. ስሙን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፦ «ሬጉላር»፣ «ኤንፒኤች»። ዓይኑ የደከመ ሰው የድፍርሱ አንገት ላይ ላስቲክ ይሰር፤ በእጅ ዳስሶ ይለየዋል።
6. የሚያበቃበትን ቀን እዩ። የታተመው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 06/2026 ቢል በኛ ሰኔ 2018 ዓ.ም. አካባቢ ያበቃል ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር አንብቦ ገና 8 ዓመት አለው ብሎ ማስቀመጥ ያጋጥማል።
7. የተከፈተበትን ቀን እዩ። ብልቃጥ ስትከፍቱ ቀኑን በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበት። የተከፈተ ብልቃጥ እንደ አምራቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያገለግላል፤ ትክክለኛው ቁጥር በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ አለ።

ተራ ቁጥር 7 ላይ ትንሽ እንቆይ። 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል። በምሳሌያችን ጥርቱ በቀን 12 ዩኒት ብቻ ነው፤ በዚህ አያያዝ ከ80 ቀን በላይ ይቆያል፣ ጊዜው የሚያልፈው ግን ገና ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሲቀር ነው። መጣሉ ያንገበግባል። ሆኖም ጉልበቱ ያለቀ ኢንሱሊን በዓይን አይለይም፤ ጥርት እንዳለ ይቀመጣል፣ ስኳሩን ግን አያወርድም።

ከጥርቱ ውስጥ ብዥታ፣ ቀለም ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ካያችሁ ጣሉት። ድፍርሱ ውስጥ ጓል ከታየ ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ውርጭ የመሰለ ነጭ ነገር ከተጣበቀ እሱንም ጣሉ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም፤ ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ከበረዶ ቤቱ አጠገብ አታስቀምጡ፣ በሩ ላይ ይሻላል። ፍሪጅ በሌለበት፣ በተለይ በቆላ አገር፣ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገብታችሁ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሙሉ፤ ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ዕቃ አድርጋችሁ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ሥር አኑሩ። አሸዋው ጠዋትና ማታ ይረጥብ።

ደረጃ 3፦ ድፍርሱን አዋህዱ

ብልቃጡን በሁለት መዳፍ መካከል አድርጋችሁ 10 ጊዜ አሽከርክሩ፣ ከዚያም 10 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ገልብጡ። አትናጡት፤ አረፋ ከሠራ ትክክለኛ መጠን መቅዳት አይቻልም። ሲበቃው ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ታችኛውን እዩ፦ ዝቃጭ ካለ ድገሙት።

በችኮላ የሚታለፈው ይህ ደረጃ ነው። ያልተዋሐደ ኤንፒኤች ዛሬ ቀጭን፣ ነገ ወፍራም ሆኖ ይቀዳል፤ ምግብ ሳይቀየር፣ መጠን ሳይቀየር ስኳር ሲዋዥቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ጥርቱን ማሽከርከር አያስፈልግም።

የሁለቱንም ብልቃጥ የጎማ ክዳን በአልኮል ጠርጋችሁ ይድረቅ።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ አየር ለድፍርሱ

1. ድፍርሱን ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። አትገልብጡት።
2. ስሪንጁ ውስጥ በድፍርሱ መጠን አየር ሳቡ፦ በምሳሌያችን 16።
3. መርፌውን በጎማው በኩል አስገቡ፣ አየሩን ግፉ። የመርፌው ጫፍ ፈሳሹን አይንካ።
4. ምንም ሳትቀዱ መርፌውን አውጡ። ስሪንጁ ባዶ ነው።

አየሩ የሚገባበት ምክንያት ቀላል ነው። ብልቃጡ የታሸገ ስለሆነ ፈሳሽ ስትስቡ ውስጡ ይጠባል፤ አየር ካልተካ መግፊያውን ወደ ኋላ ይጎትትባችኋል። ለድፍርሱ አየሩን አሁን የምንሰጠው፣ በኋላ ጥርት የያዘ ስሪንጅ ይዘን ስንመለስ ምንም መግፋት እንዳይኖርብን ነው።

ደረጃ 5፦ አየር ለጥርቱ፣ ከዚያ ጥርቱን ቅዱ

1. በጥርቱ መጠን አየር ሳቡ፦ 8።
2. ጥርቱ ብልቃጥ ውስጥ አስገብታችሁ ግፉት። አሁን መርፌውን አታውጡ።
3. መርፌው እንዳለ ብልቃጡን ገልብጡ። ብልቃጡ ከላይ፣ ስሪንጁ ከታች፣ ሁለቱም በዓይናችሁ ትይዩ ይሁኑ። የመርፌው ጫፍ ፈሳሹ ውስጥ መሆኑን እዩ።
4. ከ8 ትንሽ አሳልፋችሁ ሳቡ፣ ከዚያ መልሳችሁ እስከ 8 ግፉ። ማየት ያለባችሁ የጥቁሩን ላስቲክ በመርፌው በኩል ያለውን ጠርዝ ነው።
5. የአየር አረፋ ካለ ስሪንጁን በጣት ጥፍር መታ መታ አድርጉ፤ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ብልቃጡ መልሱትና እንደገና እስከ 8 ሳቡ።
6. ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ከዚያ አውጡ።

አረፋ ጨርሳችሁ የምታጠፉት እዚህ ነው። ከቆዳ ሥር የሚገባ ትንሽ አየር ሰው አይገድልም፤ ችግሩ የኢንሱሊንን ቦታ መያዙ ነው። ቀጣዩ ብልቃጥ ላይ ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ደረጃ 6፦ ድፍርሱን ጨምሩ

1. ድፍርሱ ቆሞ ከቆየ እንደገና ጥቂት ጊዜ ገልብጡት።
2. መግፊያውን በአውራ ጣት ደግፋችሁ መርፌውን ድፍርሱ ብልቃጥ ውስጥ አስገቡ። ካልደገፋችሁት በብልቃጡ ውስጥ ያለው ግፊት ያለ ፈቃዳችሁ መድኃኒቱን ወደ ስሪንጁ ይሰድደዋል።
3. ብልቃጡን ገልብጡ።
4. ቀስ ብላችሁ እስከ ድምሩ ሳቡ፦ 24። መስመሩ ላይ ስትደርሱ ቁሙ።
5. መርፌውን አውጡ።

ከ24 ካለፈ መልሳችሁ አትግፉ። አሁን ስሪንጁ ውስጥ ያለው ቅልቅል ነው፤ የምትመልሱት 2 ዩኒት ድፍርስ ብቻ አይደለም፣ ጥርትም አብሮ ይሄዳል። በስሪንጁ ያለውን በሙሉ ደፍታችሁ በአዲስ ስሪንጅ ከደረጃ 4 ጀምሩ። 24 ዩኒት መድፋት ያሳዝናል፣ የማይታወቅ መጠን ከመወጋት ግን ይሻላል።

ቅደም ተከተሉን ለማስታወስ፦ አየር ለድፍርሱ ይቅደም፣ ኢንሱሊን ከጥርቱ ይቅደም። ምክንያቱን ያወቀ አይረሳውም። ኤንፒኤች ቀስ ብሎ የሚሠራው ፕሮታሚን የሚባል ፕሮቲን ስላለበት ነው። ድፍርሱን አስቀድማችሁ ብትቀዱ ከመርፌው ላይ የሚቀረው ፕሮታሚን ጥርቱ ብልቃጥ ውስጥ ይገባና ፈጣኑን እያዘገየ ይሄዳል፤ ከቁርስ በኋላ ያለው ስኳር የሚወጣበት ምክንያትም ይጠፋችኋል። ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ አታድርጉ፤ የስሪንጁን ዓይነትም ያለ ምክንያት አትለዋውጡ።

ደረጃ 7፦ ተወጉ

የተቀላቀለው ኢንሱሊን አይቀመጥም፤ ወዲያው ተወጉ። ስልክ ቢጠራም ይጥራ። ትንሽ ከቆየና ዝቃጭ ከሠራ ስሪንጁን ቀስ ብላችሁ ገለባብጡት።

1. ቦታ ምረጡ፦ ሆድ (ከእምብርት ሁለት ጣት ያህል ርቆ)፣ ጭን፣ መቀመጫ ወይም የክንድ የኋላ ጎን። ያበጠ፣ የጠነከረ ወይም ጠባሳ ያለበት ቦታ ላይ አትወጉ። እዚያ አያምም ብሎ ሁልጊዜ አንዱን ቦታ መምረጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ እብጠት የሚወጣው ኢንሱሊን አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ይፈጥናል።
2. ከትናንቱ ቦታ ቢያንስ አንድ ጣት ራቁ።
3. ቆዳውን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ አንሡ። አልኮል ከቀባችሁ ይድረቅ።
4. መርፌውን አስገቡ። ቀጭን ሰው ወይም ልጅ ከሆነ ዘንበል አድርጋችሁ፣ ካልሆነ ቀጥ አድርጋችሁ።
5. ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ግፉ፣ እስከ 10 ቁጠሩ፣ ከዚያ አውጡ።
6. አትሹት።

ያገለገለውን ስሪንጅ ጠንካራ የበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። የውኃ ሃይላንድ ስስ ስለሆነ መርፌ ይበሳዋል። ሲሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከተወጉ በኋላ ሰዓቱን እወቁ

ጥርቱ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ድፍርሱ ዘግይቶ ይነሣና ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ሰው ድፍርሱ የሚበረታበት ከ5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ምሳ መዝለል የለም። ማታ 12 ሰዓት ተኩል የተወጋ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ድረስ ተጠንቅቆ ይተኛ። ሌሊት ላብ ማጥመቅ፣ ቅዠት፣ ጠዋት በራስ ምታት መነሣት ካለ አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ለኩና ቁጥሩን ለሐኪማችሁ ንገሩ።

በዚህ ምክንያት ጾም ከዚህ አወሳሰድ ጋር አይስማማም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ወይም ረመዳን የምትይዙ ከሆነ፣ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የጠዋቱን ቅልቅል ወስዶ ሳይበሉ መዋል አይቻልም፤ ኢንሱሊኑን በራስ ሥልጣን ማቆምም እንዲሁ፣ በተለይ ለዓይነት 1 የስኳር ሕመምተኛ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ጥርቱ ብልቃጥ ውስጥ ነጭ ነገር ገባ፣ ወይም ብዥ አለ። ድፍርስ ገብቶበታል። ብልቃጡን ጣሉና አዲስ ክፈቱ።

ጥርቱ ድፍርሱ ብልቃጥ ውስጥ ገባ። ነጭነቱ ስለማይለወጥ አይታይም፤ መጠኑ ግን ከእንግዲህ አይታመንም። እሱንም ተዉት። ሌላ ከሌላችሁ ዛሬውኑ ክሊኒክ ደውሉ።

ድፍርሱን ቀድሜ ቀዳሁ፣ ጥርቱን ገና አልነካሁም። ጥርቱ ብልቃጥ ስላልተነካ አልተበላሸም። ወይ ስሪንጁን ጣሉና ከደረጃ 4 ጀምሩ፣ ወይ የድፍርሱ መጠን ትክክል ከሆነ እሱን ለብቻው ተወጉና ጥርቱን በሌላ ስሪንጅ ቅዱ።

ድምሩ ልክ ነው፣ ግን የጥርቱና የድፍርሱ ቁጥር የተቀያየረ መሰለኝ። ይህ ክፉው ስሕተት ነው፤ 16 ጥርትና 8 ድፍርስም ድምሩ 24 ስለሆነ ስሪንጁ ላይ ምንም አይታወቅም። ካልተወጋችሁት ድፉት። ከተወጋችሁት ምግቡን 30 ደቂቃ ሳትጠብቁ ብሉ፣ ጣፋጭ አጠገባችሁ ይሁን፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ለሚቀጥሉት 8 ሰዓታት በየሰዓቱ ለኩ፣ ክሊኒክ ደውሉ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌላችሁ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ።

መወጋት አለመወጋቴን ረሳሁ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትድገሙ። ስኳራችሁን እየለካችሁ ሐኪም ጠይቁ። ስትወጉ ካሌንደር ላይ ምልክት ማድረግ ይህን ጥያቄ ያስቀራል።

ከተወጋሁ በኋላ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብ፣ ግራ መጋባት መጣ። ስኳር ወርዷል። መለኪያ ፍለጋ አትቆዩ። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ስኳር ያለው ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ሲስተካከል ምግብ ብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ሆስፒታል አድርሱት። ይህን አንቀጽ ለቤተሰብ አንብቡላቸው፤ በዚያ ሰዓት የሚያነበው ሕመምተኛው አይደለም።

እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ መስመሩን አያይም። የሚቀዳላችሁ ሰው ይኑር፣ ሁለተኛ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ይይ። ይህ ካልተቻለ ሐኪማችሁን ፋብሪካ ውስጥ ስለ ተቀላቀለው፣ ቡናማ ምልክት ስላለው ኢንሱሊን ጠይቁ። ጥርቱን ለብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ አያስችልም፣ ግን የሚቀዳው ከአንድ ብልቃጥ ነው። ሐኪሙ መጠኑን እንደገና ማስላት ስላለበት፣ የ24ቱን ድምር ይዛችሁ በራሳችሁ ወደ እሱ አትሻገሩ።